የልጄ የኩላሊት ማጣሪያ ለምን ቀረ? ከዓለም ባንክ እስከ ሜክሲኮ

በደሉን አስቀድሜ ልጻፈው። ልጄ ብርሃኔ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደሟ በማሽን ይታጠብላት ነበር። ባለፈው ሳምንት «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ» ተባለች። ደሙ የሚያልፍበት ማጣሪያ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ማስመጫ ዶላር ጠፋ አሉ። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ከውጭ የመጣ የጌጥ መብራት ተተከለ። ለመብራቱ ዶላር ከየት ተገኘ? ይህን ልጠይቅ ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ብርሃኔ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ ማን ሊሰማሽ?» አለችኝ።

«ባይሰሙኝም ያዩኛል» አልኳት።

ቤቴል

ክሊኒኩ እንደ ወትሮው በክሎሪን ታጥቦ ይሸታል። ማሽኖቹ አንዳች አልሆኑም፤ ግን ግማሾቹ አንሶላ ለብሰዋል። አንሶላ ተሸፍኖ ያየሁት ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብርሃኔን የምትከታተለው ሲስተር እጄን ይዛ ኮሪደሩ ላይ አወጣችኝ።

«እማማ፣ እኛን አይቆጡን። አስመጪው ካላመጣ ከየት እናምጣ?»

«አስመጪው የት ነው?»

«አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ መጋዘን አለው። ግን አይጣሉት፤ እሱም ተቸግሯል።»

አየር ጤና

ጠዋት እህል አልቀመስኩምና ከታክሲ ተራው ጎን በሻይ አንድ ቦምቦሊኖ በላሁ። አንሳለች፤ ዋጋዋ ግን አድጓል። ለሻጯ ብነግራት «ዘይቱንና ስኳሩን ይጠይቁልኝ» ብላ ሳቀች።

የአስመጪው ስም አቶ ሸምሱ ነው። መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ የቀሩት ካርቶኖች እንኳ ውስጣቸው ባዶ ነው። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ ብሩን ባንክ አስይዣለሁ። የምጠብቀው ዶላሩን ነው። ወረፋ ስይዝ የተወለደው ልጄ ጥርስ አበቀለ።»

«ከጥቁር ገበያ አትገዛም?»

«ብገዛ የማጣሪያው ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ያኔ እርስዎም ሌባ ይሉኛል።»

«እልሃለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን አልረዘመም። የውጭ ምንዛሪን ጉዳይ የሚያውቁት ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው ብሎ ቢሮውን አመለከተኝ።

ወደ ሜክሲኮ

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፣ እርስዎ ቀጭን ነዎት» ብሎ አራተኛ ሰው አድርጎ ወንበሩ ላይ ጠቀጠቀኝ። በዘነበወርቅና በጦር ኃይሎች በኩል ስናልፍ በመስኮት አየሁ። መኪናው፣ ጎማው፣ ነዳጁ፣ የሱቁ መስታወት፣ የሰዉ ጫማ፣ ሁሉም የመጣ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ የኛ ነገር ባይ ብዬ ፈለግሁ። ከጅማ በኩል የመጣ፣ ቡና የጫነ አንድ መኪና ብቻ አየሁ። እሱም መንገድ ዳር ቆሞ ጎማ ይቀየርለታል።

ሜክሲኮ

ጥበቃው «ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ።

«ልጄ አላት፤ ከሞት ጋር።»

በሩን ከፈተልኝ። የተቀበለኝ ኃላፊ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፣ ክፉ ሰው አይደለም። የብርሃኔን ማጣሪያና የሰፈራችንን መብራት ነግሬው «ዶላራችን የት ገባ?» አልኩት።

«እማማ፣ መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር በላይ ያወጣል። የጎደለውን ይበደራል። የተበደረው ብር መንገድም ደሞዝም ይሆናል፤ ብሩ የደረሰው ሁሉ ደግሞ ገበያ ይወጣል። ገበያው ላይ ያለው ዕቃ የማን ነው?»

«የውጭ።»

«አዩ! የቤታችን ጉድለት ድንበር ላይ ይታያል። የምንሸጠው ትንሽ፣ የምንገዛው ብዙ ይሆናል፤ በመሃል ዶላሩ ያልቃል። ሁልጊዜ በዚህ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ ሲወደድ፣ ቡና ሲረክስም ይጎድላል።»

ስድስተኛ ክፍል ላይ ብቀርም ይህ ገባኝ፤ ዕድራችን አድርጎታልና። የማዶው ዕድር ትልቅ ድንኳን ገዛ ሲባል፣ የኛዎቹ ወንዶች በለጡን ብለው ከሴቶች ዕቁብ ተበድረው ከውጭ የመጣ ድንኳንና ወንበር ገዙ። ብሩ ከሰፈር ወጣ፤ ዕዳው ሰፈር ቀረ። ዕዳውን ለመክፈል ወርሃዊው መዋጮ ሲጨመር አቅም ያነሳቸው ከዕድሩ ወጡ። ከነሱ አንዷ ጎረቤቴ እትዬ ጌጤ ነበረች። ስትሞት አባል አይደለችም ተብሎ ድንኳኑ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ፣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀመጠ።

ይህን ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«እኛ ግን ያንን ድንኳን ያስገዛውን ሰው በስሙ እናውቀዋለን» አልኩት። «ፊት ለፊት ወቅሰነዋል። አሁን አንተ ንገረኝ፤ መብራቱን ከማጣሪያው ያስቀደመው ማን ነው?»

«ይሄን... አላውቅም።»

«እንግዲያው እስክታውቅ እዚሁ ነኝ።»

ስልኬን መዘገበ። ጠይቄ ዛሬውኑ እደውላለሁ ብሎ ማለልኝ። ካልማለ አልነሳም ነበር።

ቤት

አመሻሹ ላይ ዓለም ባንክ ስወርድ መብራቱ በርቷል። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ «ዶላር የለም» ሲሉ ዶላር አልነበረም ማለታቸው አይደለም፤ ለሌላ ነገር ወጥቷል ማለታቸው ነው። ወጪው የጋራ ሲሆን፣ የጎደለው ግን ከጋራ አይቀነስም፤ በብርሃኔ እግር ላይ ያብጣል።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። ብርሃኔም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«እማማ፣ ይመለከታቸዋል ያልኳቸውን ሁሉ ጠየቅሁ» አለ ኃላፊው። «መብራቱ በበጀት የተያዘ ነው። ማጣሪያው የአስመጪው ጉዳይ ነው ተብሎ የተተወ ነው። ማን አስቀደመ ላሉኝ፣ ማንም አላስቀደመም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የለም።»