በአባ ቢያ ጣት ሥር የዘረጋሁት ሽፋን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። የንስሐ አባቴን ስልክ የምትከፍትላቸው የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ስለ ድረ ገጽ ብነግራቸው ምን ይገባቸዋል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ሰበብ ነው። እናንተ ግን ስልክ የያዛችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ምናልባት ይህንንም የምታነቡት በጣታችሁ እየገፋችሁ ይሆናል። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ስለተማርኩ ሰፈሩ “ኢንጂነር” ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝ አላርማቸውም። ደምሰው የሚባል ቡና ነጋዴ የመጣልኝም ይህንኑ ስም ሰምቶ ነው። ሊሙ ገነት ላይ መጋዘንና የቡና መፈልፈያ አለው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀ ቡናውን ማለቴ ነው፣ እዚያ አስቀምጦ የሚሸጥበትን ቀን ይጠብቃል። ደምሰው የፈለገው ገበሬው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ እንዲሸጥለት ነበር። ሠራሁለት። ገበሬው ገጹን ሲከፍት የራሱ ቡና ፎቶ ያለበት ካርድ ይመጣለታል፤ ከሥሩ የዕለቱ ዋጋ፣ ከዚያ ሁለት ትንንሽ ሊንኮች፦ “ሸጫለሁ” እና “አልሸጥም”።

ገጹ ያምር ነበር። የሚሸጥ ግን ጠፋ። ደምሰው ተመልሶ መጣ።

“ሰዉ ያያል፣ ይስቃል፣ ይዘጋል” አለኝ። “ያቺን ሚጢጢ ነገር ማን ያገኛታል? ካርዱን በሙሉ አድርገው ኢንጂነር። የትም ቢነኩት ይሽጥ።”

ቀላል ሥራ ነው። የገጽን መልክ በምናዝበት ሲኤስኤስ በሚባለው ቋንቋ፣ “ሸጫለሁ” ከሚለው ሊንክ ላይ የማይታይ ሽፋን አውጥቼ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበስኩት። ዓይን ፎቶውን ያያል፤ ጣት የሚያርፈው ግን ሊንኩ ላይ ነው። ዘዴው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዜና ስታነቡ ፎቶውን ብትነኩም ርዕሱን ብትነኩም የሚከፈትላችሁ በዚሁ ዘዴ ነው። እኔ ግን ያለበስኩት የሰው ንብረት ላይ ነው። ስሞክረው “አልሸጥም” የሚለው ሽፋኑ ሥር ተቀብሮ ቀረ። ስነካው ሸጠ። ደግሜ ስነካው አሁንም ሸጠ። ከሽፋኑ በላይ ለማንሳት አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አየሁ፣ አወቅሁ፣ ተውኩት። “እርግጠኛ ነዎት?” የሚለውን መጠየቂያም ደምሰው አውጣው ሲለኝ አወጣሁት። ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ የእሱ እጅ ኪቦርድ ነክቶ አያውቅም።

ለምን? ሥራው ለሌላ ይሰጥብኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ደግሞ የማውቀው ነገር ነበር። የእኛ አገር ሽማግሌ ፎቶ ሲያሳይ ከሩቅ አይጠቁምም፤ ጣቱን ያሳርፍበታል። አባቴ የሞተ ወንድሙን ፎቶ ሲያሳየን ፊቱ ላይ ጣቱን ያደርጋል፣ እስኪደበዝዝ ድረስ። ይህን እያየሁ አድጌ ነው ያንን ሽፋን የዘረጋሁት።

አባ ቢያ ሊሙ ገነት አጠገብ ያሉ ቡና ገበሬ ናቸው። የዚያን ዓመት ቡናቸውን ለሐጂ ሙክታር ሊሸጡ ቃል ሰጥተዋል፤ ሐጂ ሙክታር የጅማ ነጋዴ፣ የልጅነት ወዳጃቸው ናቸው። እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል፣ ዱዓ ተደርጓል። በእነሱ ዘንድ ከዚያ ወዲያ ወረቀት አያስፈልግም። ሐጂው መኪና ይዘው እስኪመጡ ጀንፈሉ ደምሰው መጋዘን ቆየ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ልጃቸው ገጹን ከፍታ ስልኩን ሰጥታቸው ነበር፤ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ። “ኢላላ! የኔ ነው ይሄ፣ ቀለሙን እዩልኝማ!” አሉና ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። ገጹ ብልጭ ብሎ ተቀየረ። ኔትወርክ ነው ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ሐጂ ሙክታር ሲደርሱ ቡናው ተፈልፍሎ፣ ከሌላው ጋር ተደባልቆ፣ ተጭኖ ሄዷል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔም አዋቂ ተብዬ ተጠራሁ።

“ወላሂ አልሸጥኩም!” አሉ አባ ቢያ። “ቃሌን ሰጥቼ እንዴት እሸጣለሁ?”

ሐጂ ሙክታር ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ የተማርክ ነህ። ሰው ሳይሸጥ ስልክ ብቻውን ይሸጣል እንዴ?”

“ብቻውን አይሸጥም ሐጂ” አልኩ። “ራሳቸው ነክተውት ነው።”

ይኸው ነው ያልኩት። ሽፋኑን አልጠራሁም። “አልሸጥም” የሚለው እንደማይሠራ አልተናገርኩም። ደምሰው አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሐጂ ሙክታር ተነሥተው፣ ወዳጃቸውን ሳይሰናበቱ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ቢያ ወላሂ ብለው የዋሹ ሰው ሆኑ። ቃላቸውን የሚያምን፣ ለምስክርነት የሚጠራቸው ጠፋ።

የባሰውን ልንገራችሁ። ጅማ ስመለስ የተውኩትን መስመር ጻፍኩት፤ “አልሸጥም” የሚለውን አነሣሁት፣ መጠየቂያውንም መለስኩ። ጸጽቶኝ መሰላችሁ? ማንም መጥቶ ቢመረምር እንዳያገኝብኝ ነው።

ዘንድሮ እዚያው ሊሙ ገነት ሠርግ ተጠራሁ። አንዲት ልጅ የሙሽራዋን ፎቶ በስልኳ ለሽማግሌዎቹ ታሳያለች። ሁሉም ጣቱን እያሳረፈ መረቀ። ተራው አባ ቢያ ጋ ሲደርስ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አጎንብሰው በዓይናቸው ብቻ አዩ። ልሸሽ ስል አዩኝና ወደ ጥግ ጠሩኝ።

“ኢልማ ኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። “ሐጂ ሙክታር እንደተቀየመኝ ወደ አኼራ ሄደ። ብዙ አሰብኩበት። የነካሁት እኔ ነኝ ለካ፤ ሳላውቅ በአላህ ስም በሐሰት ምያለሁ። አንተን በሰው ፊት ውሸታም አደረግኩህ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።”

አፉ በለኝ! እኔን! እዚያው መናገር እችል ነበር። ሰው ቅርብ ነበር፣ የእሳቸውም ጆሮ ደህና ነው።

“አፉ ብዬዎታለሁ አባ” አልኩ።

እጃቸውን ከኋላቸው አውጥተው ጨበጡኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሱ። እኔም ጥብቅ አድርጌ ጨበጥኳቸው።

ደምሰው ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። አጋሮ ሌላ መጋዘን ከፍቷል። “ገጹን እንደ ድሮው አድርገህ ሥራልኝ፤ የትም ቢነኩት እንደሚሸጠው፣ ገብቶሃል?” አለኝ። ገብቶኛል። እምቢ አላልኩትም፤ አስብበታለሁ ነው ያልኩት።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሰው በሕይወት አሉ፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ የሊሙ ገነት መኪና በየጠዋቱ ይወጣል። እስከ ዛሬ አልተሳፈርኩም።