ደረቅ መሬት ላይ የተኛሁባት ጀልባ

እስከ ዛሬ ድረስ ቀና ብዬ ደመና ሲያልፍ ካየሁ መሬቱ ከሥሬ የሚሄድ ይመስለኛል። ይህ አመል የያዘኝ ነፋስ ስልክ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግቢ፣ ጀልባ ላይ ተጋድሜ ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቁብኛል። ነፋስ ስልክ ምን ሐይቅ አለና ነው ጀልባ የሚኖረው ይሉኛል። ይሳቁ! በደርግ ጊዜ ያላየነው ነገር የለም፤ እኔም ያየሁትን ነው የማወራው።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት ፋብሪካ ይሄዳል፤ እኔ እግሬ ስላበጠ በር ላይ ወንበር አውጥቼ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ፣ በአጥሩ ክፍተት የጎረቤታችንን ግቢ ሳይ እውላለሁ። ጎረቤታችን ሙያውን ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የለመደ መካኒክ ነው። ብሎን ካመለጠው በጣሊያንኛ ይሳደባል፣ ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ያማትባል። ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲወጡ ሊጭኑት ያልቻሉትን ሁሉ በርካሽ ለሱ ሸጠውለት ስለሄዱ፣ ከአሮጌ መኪኖች መሐል ሁለት የሞተር ጀልባዎች ነበሩት። አንዷ ነጭ ናት፤ መሪ አላት፣ የፊት መስታወት አላት፣ ጎኗ ላይ ቀይ መስመር ተስቦባታል። ሌላዋ ቀለም ያልነካት የአሉሚኒየም ግራጫ ናት፤ ጎኗ ከፍ ያለ፣ ሆዷ ሹል፣ አንድ ቦታ ላይ ተመትታ ጎድጎድ ያለች።

ዝናብ ጥሎ ግቢው ውሃ ሲያቁር ሁለቱም የሚንሳፈፉ ይመስለኛል። ከእርግዝናው ይሁን እንጃ፣ እነሱን ሳይ ዓይኔ ክድን ክድን ይላል። በቃ፣ እየሄድኩ ነው እላለሁ ለራሴ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም፤ ያን ጊዜ ሐይቅ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ለወንድሜ የጻፍኩለትም ለጨዋታ ያህል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነው። “ጎረቤቴ ሁለት ጀልባ አለው፤ ናና በነፋስ ስልክ መንገድ አንሸራሽረኝ” ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው በደረሰው በሳምንቱ እቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አየሁት፤ ከሐይቁ አካባቢ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጋር። ለካ ማኅበሩ ጀልባ ሊገዛ ወስኖ ኖሯል። ጀልባዋ ዓሣም ትጭናለች፣ በሽተኛም ታሻግራለች።

ራት ላይ ሊቀመንበሩ እየበላ ሲጨዋወት፣ ወንድሜ እንጀራውን ይቆርስና መልሶ ያስቀምጠዋል።

“ምነው ጋሼ፣ ወጡ አልጣመህም?” አልኩት።

“ወጡስ ጥሩ ነው” አለና ሆዴን አየ። ከዚያ ነገረኝ። ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባትን ሴት በማኅበሩ አሮጌ ጀልባ ጭኖ፣ ከሐይቁ ወዲህ ባለው ከተማ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ሲሻገር ከሰዓት በኋላ ሆነበት። አባያ ጠዋት ፀጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። አሮጌዋ ጀልባ ሆዷ ጠፍጣፋ ስለነበረ ማዕበሉ እያነሳ ውሃው ላይ ያፈርጣታል፣ እያነሳ ያፈርጣታል። የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ እየታያቸው ሴትዮዋ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

“ወገቤን፣ ወገቤን ነበር የምትለኝ” አለ። “ሌላ ቃል አልወጣትም።”

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ሆዬ እንባዬ መጣ፤ ያን ሰሞን ለነገሩ ሽንኩርት እንኳ ሳይከተፍ የማለቅስ ነበርኩ። ወንድሜ ሊያስረሳኝ ፈልጎ መሰለኝ ወደ ባለቤቴ ዞረና “ለመሆኑ አንተ እንዴት ችለህ ትተኛለህ? ይህች ልጅ እኮ ስትተኛ ወፍጮ ቤት ነው የምትከፍተው” አለው። አንድ መደብ ላይ አብረን ስላደግን ማንኮራፋቴን ለሰው ሁሉ ማውራት መብቱ ይመስለዋል። “አንተ ደግሞ!” ብዬ በፎጣ መታሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። መካኒኩ ሞተሮቹን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አንድ በአንድ እየነከረ አስነሳቸው፤ ሁለቱም ትንሽ አጉረምርመው ሠሩ። ወንድሜ ጀልባዎቹን ዞሮ ዞሮ አየና “ውሃ አምጡልኝ” አለ። እነሱን ውሃ ላይ ማድረግ ካልተቻለ፣ ውሃውን እነሱ ውስጥ ማድረግ ነው አለን። የሰፈሩ ሴቶች ከቦኖ በጀሪካን እያመላለሱ ሁለቱንም እስከ ግማሽ ሞሉ። ነጯ ጠብታ አላወጣችም። ግራጫዋ ከሦስት ቦታ ጠብ ጠብ አደረገች፤ ወንድሜ ተንበርክኮ በጠመኔ ምልክት አደረገባት። ውሃውን ደፍተው መሬት ላይ ሲያስቀምጧት ደግሞ ወደ ጎን ጋደል ብላ ቀረች። አጥር ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

“መሬት ላይ መቆም ያቃታት ውሃ ላይ ልትቆም ነው?” አለ ሊቀመንበሩ። ነጯን በፍቅር ይደባብሳታል። “እቺን እያት፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ለአብዮት በዓል ብናወጣት ማኅበራችን ይኮራባታል።”

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ያረፈው ነጯ ላይ ነው። እሷን የሚጠላ ማን ነው!

“ቀጥ ብላ የቆመችው ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው” አለ ወንድሜ። “የግራጫዋ ቀዳዳ ይደፈናል። የሆዷን ቅርጽ ግን ማንም አይቀይረውም።”

ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ሊቀመንበሩ እንደ ዘመኑ ወግ “በቃ፣ እጅ እናውጣ” አለ። ወይ ጉድ፣ ሁለት ሰው እጅ ሊያወጣ! ለነጯ ሊቀመንበሩ አወጣ፤ ለግራጫዋ ወንድሜ አወጣ። አንድ ለአንድ። መካኒኩም እጁን ሊያነሳ ሲል “ሻጭ ድምፅ የለውም” ተባለና አወረደ። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ሆዴ ላይ አረፈ።

“ምጥ ለያዛት ሴት ነው አይደል የምትለኝ?” አለው ወንድሜን። “እንግዲያው ሁለቱም ላይ ተኝታ እሷ ትናገር። የምንገዛው እሷ የተመቻትን ነው።”

“ኧረ በስማም! እኔ ምን አውቄ?” አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ መጀመሪያ ወደኛ ግቢ አስገባኝ። ልብስ የማለቀልቅበት ሳፋ ውሃ እንደያዘ በር ላይ ነበር። መዳፉን ዘረጋና ውሃውን ጧ አደረገው፤ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቀጥሎ እጁን በጎኑ አድርጎ አስገባው። ውሃው ግራና ቀኝ ተከፈለ፣ ድምፅም አልነበረው።

“የመጀመሪያው ነጯ ናት” አለኝ። “ያ ምት የሚያርፈው የተኛችው ሴት ወገብ ላይ ነው። በይ ሂጂና የተሰማሽን ተናገሪ። ዋሺልኝ አልልሽም።”

አሮጌ ጎማዎች አንጥፈው ነጯን ላያቸው ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጧ ስስ ፍራሽ ነበር። ስጋደም ጎረቤቶቼ ግራና ቀኝ ይዘው ቀስ እያሉ ነቀነቁኝ። አቤት ምቾት! ከላፍቶ በኩል የሚመጣው ነፋስ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያወዛውዛል፣ ደመናው ይሄዳል፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ልጄ እንኳ ሆዴ ውስጥ መራገጡን ተወ። ለዘላለም እዚያው ቢተዉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“ተመቸሽ?” አለ ሊቀመንበሩ።

“ሁለተኛዋን ሳላይ አልናገርም” አልኩ።

ግራጫዋ ቀዘቀዘችኝ። ብረቱ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ሲነቀንቋት ወደ ጎን ዘመም አለችና ጠርዙን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። “እናቴ!” ልል ለትንሽ ነው የቀረኝ። ቀና ስል ወንድሜን አየሁት። እሱ እኔን አያይም። የገዛ መዳፉን ነው የሚያየው፤ ሳፋው ላይ የመታበት እጁ ገና አልደረቀም። ያቺ ወገቤን ወገቤን ያለችው ሴት ትዝ አለችኝ። የተሰማኝን ከተናገርኩ ነጯ ትሄዳለች፤ ነጯ ላይ ደግሞ ነገ ሌላ ሴት ትተኛለች።

ጠርዙን ለቀቅኩ። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለዚህ ምስክሬ ራሴ ነኝ። ግን የሆነ ነገር ወሰደኝ። ሐይቁን አየሁት። ወንድሜ በደብዳቤው እንደሚለው ቀላ ያለ ነበር፤ ዳርቻ የለውም። ሰፈሩ በሙሉ ከነአጥሩ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ መካኒኩ በርሜሉ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ውሃው ላይ ይራመዳሉ፣ ማንም አይሰምጥም። ልጄ ከሆዴ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም የሚያይ መሰለኝ። “ምን ሆነች?” የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ።

“ተኛች እኮ!” አለች አንዷ ጎረቤቴ።

“እንዲህ እየዘመመች?” ሊቀመንበሩ ነው።

“ተኛች ነው የምልህ!”

በሽፋሽፍቴ ሥር አሾልቄ አየሁ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። “በሉ ተዉዋት፣ አትቀስቅሷት” አለ በሹክሹክታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። ግራጫዋ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች።

ቀዳዳዎቿ ተደፍነው በጭነት መኪና ስትሄድ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋት። መኪናው አይታይም፤ አፍንጫዋ ብቻ ከአጥሮቹ በላይ ብቅ ብሎ፣ በሰፈሩ መሐል ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። ከዚያ መንገዱ ሲታጠፍ ጠፋች።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ልጄን በደህና ተገላገልኩ፣ ሳቅኩ፣ ኖርኩ፤ ሆኖም የወንድሜ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሰላምታውን ዘልዬ ስለ ጀልባዋ የጻፈውን ነው መጀመሪያ የምፈልገው። ወንድሜ ቢሳሳትስ? ያቺ ጀልባ ብትገለበጥ፣ አንዲት እናት ብትሞትባት፣ የገደላት የእኔ ውሸት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም አልነገርኩም። ወንድሜ “ግራጫዋ ደህና ናት” ብሎ ሲጽፍልኝ ደብዳቤውን ስሜ አስቀምጠዋለሁ።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ፣ ደርግም ገና ሳይወርድ፣ አንድ ክረምት ወንድሜን ልጠይቅ ወረድኩ። ከተማው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ፤ አባያ ዳር ስንደርስ ሐይቁ ቀላ ብሎ፣ ዳርቻው ጠፍቶ ተዘርግቷል። “እንዴ፣ አውቀዋለሁ እኮ!” አልኩ ጮክ ብዬ። አብራን የምትሻገር አንዲት ሴት ነበረች፤ ከተማው ሐኪም ቤት ወልዳ ወደ ማዶ ወደ ቤቷ የምትመለስ፣ ሕፃኗን በነጠላ የጠቀለለች። ግራጫዋ ጎድጎዷ ሁለት ሆኖ፣ ሦስቱ ምልክቶች ላይ የተደፈነው እንዳለ፣ በገመድ ታስራ ትጠብቀናለች።

ከተማው ውስጥ ስለዘገየን ከሰዓት ሆኖብን ነበር። መሐል ስንደርስ ነፋሱ ተነሳ። ማዕበሉን ሳይ ነፍሴ ተርበተበተች፤ እንደ ቤት ጣሪያ ከፍ እያለ ነው የሚመጣው። ወንድሜ በሽተኞቹን የሚያስተኛበትን ሰሌን በእግሩ ጠቆመኝና “ተጋደሚ” አለኝ። ተጋደምኩ። ጧ የሚለውን ወገቤ ላይ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አልመጣም። ጀልባዋ ውሃውን ከፍላ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ለጥ ብሏል። ደመናው ይሄዳል።

አሸዋ ሲፋቅ ሰምቼ ነቃሁ። ማዶ ደርሰናል። እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ወንድሜ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ሳያየኝ፣ “ዛሬስ ተኛሽ” አለኝ።

“ያኔስ?” አልኩት።

“ያኔማ አላንኮራፋሽም።”

ማልቀስም መሳቅም አንድ ላይ መጣብኝ። እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ አልኩና ሁለቱንም አደረግኩት፤ እሱም ገመዱን ይዞ እስክጨርስ ጠበቀኝ።