ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ታናሽ ወንድሜ ጌም ሲጫወት የኮምፒውተሩ ፋን መጮህ ከጀመረና የጋለ አቧራ ከሸተተኝ፣ አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ የጅጅጋን አቧራ ስለምትፈራ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በዳንቴል ትሸፍናለች። አንድ ቀን ገበያ እንደሄደች ነፋስ ተነሳ። እኔም ኮምፒውተሩን እንደበራ በጋቢ ጠቀለልኩት። ፋኑ ሲጮህ ቆይቶ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

አባዬ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጎረቤታችንን፣ ጋሽ አብዲን ጠራው። እኔ ዱላዬን እየጠበቅኩ በር ሥር ቆምኩ። ጋሽ አብዲ ክዳኑን ፈቶ ፕሮሰሰሩን ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ።

«ወላሂ እሳት ነው! ታፍኖ እኮ ነው። ትንሽ ቢቆይ አልቆለት ነበር። አቧራ ፈርታችሁ ልትገድሉት ነው?»

ይህን ስሰማ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። ያኔ ገና ጨቅላ የነበረውን ወንድሜንም አቧራ እንዳይነካው ብዬ በብርድ ልብስ እስከ አናቱ ሸፍኜው ነበር። ገለጥኩት። ፊቱ ቀልቶ በላብ ርሷል፤ አይንቀሳቀስም። ጉንጩን በኃይል ቆነጠጥኩት። ጮኸ።

እማዬ ከገበያ የገባችው ልክ ያኔ ነው። ሕፃን ቆነጠጥሽ ብላ በጥፊ አለችኝ። ለምን እንደቆነጠጥኩት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን «በቃ አጥፋው!» ብዬ ስጮህበት ወንድሜ ዞሮ እንኳ አያየኝም።

«አንቺ ደግሞ፣» ይላል እየሳቀ፣ «ፋን ትፈሪያለሽ!»