የአባባ ዓይን ሲጠራ

ከሰቆጣ የወጣሁ ዕለት ማታ ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ስለነበር አባባን ለብቻቸው አግኝቼ መሰናበት አልቻልኩም። ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው መጡ፣ ዱዓው አለቀ፣ ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «ለመሆኑ ዘሐራ፣ ጀርመን ሄደሽ የምታጠኚው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የቆሽት ካንሰር ነው፣ አባባ።»

«ቆሽት ከሆነማ እዚሁ ነበርሽ! የኔ በእናንተ ምክንያት ስንቴ አሯል!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። በከተማችን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስሠራ ቆይቼ የትምህርት ዕድል ማግኘቴ ለሰፈሩ ሁሉ ደስታ ነበር፤ ምን እንደማጠና ግን አባባም ሆኑ ጎረቤቱ ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም።

ደርሼ ቤት ስፈልግ አንዲት አሮጊት አከራይ ሥራዬን ጠየቁኝ። የካንሰር ምርምር ነው አልኳቸው።

«ካንሰሩን ወደ ቤት ይዘሽ አትመጪም አይደል?»

«አይተላለፍም እኮ።»

ትንሽ አሰቡና «እንዲያም ቢሆን ጫማሽን በር ላይ አውልቂ» አሉኝ። ቤት የገባሁት እንዲህ ነው እንግዲህ። ብርዱን አልነግራችሁም፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው፤ እዚህ አገር የታመመ ሰው ለመጠየቅ እንኳ ቴርሚን ይያዛል፣ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። እኛ ጋ በሽተኛው እንቅልፍ እስኪያጣ ድረስ አይደል እንዴ ሰው የሚግተለተለው?

የምሠራው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የዕጢ ቁራጭ በበረዶ ተቀምጦ ይመጣልናል። ጥፍር አያህልም። እሱን በትናንሽ ሰሃን ከፋፍለን፣ ሙቀቱ የሰው ገላ በሚያህል ሣጥን ውስጥ እናሳድገዋለን፤ ከዚያ መድኃኒቶቹን እያፈራረቅን እንሞክርበታለን፣ የትኛው ይገድለው ይሆን ብለን። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አንዳንዴም መልስ ይሰጣል። ግን ይህ ካንሰር ተደብቆ ከርሞ ነው የሚታወቀው። ሰሃኑ መልስ እስኪሰጠን ብዙዎቹ ሕመምተኞች አይጠብቁንም። ባለቤቱ አርፎ ዕጢው በእኛ እጅ ሲለመልም ማየት፣ እመኑኝ፣ አይለመድም። አለቃችን ፕሮፌሰር ኡርሱላ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የፈጁ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም አልለመዱትም። ሰው ማረፉን በሰሙ ቁጥር ኮታቸውን ደርበው ውጪ ዞር ዞር ብለው ይመለሳሉ።

በሁለተኛው ክረምት ወንድሜ ሰዒድ ደወለ።

«አባባ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ ነው ስለተባለ ሥር የሚያጠጣ ሰው አምጥተንላቸዋል፣ አታስቢ።»

«ሆዳቸውን ያማቸዋል?»

«ኧረ አያማቸውም! ብቻ ከስተዋል። ገላቸውን እያሳከካቸው ሲያኩ ነው የሚያድሩት።»

«ሽንታቸውስ?»

«እንደ ሻይ ጠቁሯል። ምነው ጠየቅሽ?»

ያማቸዋል ቢለኝ ደስ ባለኝ ነበር። የሐሞት ጠጠር ነው እል ነበር። ሳያም የሚመጣ ቢጫ ግን በየቀኑ ሰሃን ላይ የማየውን በሽታ ነው ያስታወሰኝ።

አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመራቸው፣ የተነሡትንም ምስል በስልክ ላከልኝ። ለፕሮፌሰሯ ሳሳያቸው የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። ደጋግመው አዩት።

«ካንሰሩ ከቆሽታቸው አልፎ ጉበታቸው ላይ ደርሷል፣ ዘሐራ።»

«እዚህ ባመጣቸውስ?»

«እዚህም የምንጨምርላቸው ጥቂት ነው። በሰው መሐል የኖሩ አባትሽን ማንም በማይጠይቃቸው ክፍል አታስተኚ። ማሳከኩን ግን እዚያው ማስቆም ይቻላል።» የሐሞቱን መውረጃ ዕጢው እንደዘጋው፣ በጉሮሮ በኩል ትንሽ ቱቦ ቢገባላቸው ቢጫው እንደሚለቃቸው አስረዱኝ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ላለው ሐኪም ራሳቸው ደውለው እንደ ባልደረባ አወሩት።

አገሬ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበር የኢሚግሬሽን ቢሮው ሄጄ ከአገር መውጣት እችላለሁ ወይ ስል ጠየቅሁ።

«መውጣት ይቻላል» አለኝ ሰውየው።

«መመለስስ?»

«ስለ መመለስ ቴርሚን ያዢ።»

«አባቴ ሊሞቱ ነው።»

«አዝናለሁ» አለና ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «ከዚያ በፊት ክፍት ቀን የለም» አለኝ።

ሳልሄድ ቀረሁ። ቱቦው ግን ሠራ። አባባ ሰቆጣ ሲመለሱ በቪዲዮ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ወተት መስሏል፣ እንቅልፍ ጠግበዋል፣ ቀልዳቸው ተመልሷል። በግ ታረደ። «ልጄ ናት ያዳነችኝ!» እያሉ ለገበያተኛው ሁሉ አወሩ። ከኒሯቅ ድረስ ሰው እየመጣ በሌለሁበት መረቀኝ። ሰዒድ እውነቱን ያውቃል። ንገራቸው ስለው «ፊታቸውን እያየሁ አልችልም፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ። እኔም በደወልኩ ቁጥር ልነግራቸው እነሣና ምን በሉ፣ እንዴት አደሩ ብዬ እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ራሳቸው ደወሉ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ዘሐራዬ፣ ከጽጽቃ የመጡ ሰው እዚህ ሱቅ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ለኔ ያዘዝሽውን ለሷም እዘዢላት» አሉና የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ሰጧቸው።

ሰውየው አፋቸውን የፈቱት በአካባቢያችን የአገው ቋንቋ፣ በኸምጠኛ ነው፤ አማርኛውን እየመረጡ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አባትሽን እንዳዳንሽ ሰምቼ ነው» አሉኝ። እየተጣደፍኩ «ዛሬ ነገ ሳይሉ ሆስፒታል ይውሰዷት፣ አባቴ። ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። የእርሷ የሚድን ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

አባባ ስልኩን ተቀበሉ። ማጉያውንም መልሰው ዘጉት መሰለኝ፣ የሱቁ ጫጫታ ራቀ።

«የእርሷ አልሽ?»

«አባባ...»

«የኔስ?»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። «ቱቦው ቢጫውን ነው የወሰደው። ሕመሙ አለ፣ አባባ። እኛም ገና መድኃኒቱን አላገኘንም።»

ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጥቶ «አባባ! ይሰሙኛል?» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰውየው ይሰሙሻል።» ከዚያ ጮክ ብለው «እሺ፣ ገባኝ! ነገ በጠዋት ይውሰዷት ነው ያልሽው? እነግራቸዋለሁ!» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ። ሰዒድ ነው ያነሣው።

«የጽጽቃውን ሰውዬ ሊሸኙ መናኸሪያ ወርደዋል» አለኝ። «ምን ብለሻቸው ነው? ስልኩን እንኳ ሳይዙ ነው የወጡት።»

«ስልኩን አልዘጋም፤ እስኪመለሱ እጠብቃለሁ» አልኩት።