ተረክቤያለሁ ብዬ የፈረምኩበት ጀነሬተር

የድሮ አለቃዬን ፊት ለፊት አንድም ቀን «አንተ» ብዬው አላውቅም። «ጋሼ» እና «እርስዎ» ስል ኖሬያለሁ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ። እዚህ የሚቆጣኝ ሽማግሌ የለም።

ቢሮው ካዛንቺስ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ነበር። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ ደረጃው ጧትና ማታ የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል የሚሸት። ለነጋዴዎችና ለድርጅቶች የጉምሩክ ጉዳይ እንጨርሳለን፤ ሰው ትራንዚተር የሚለው ማለት ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ ነበር። በጊዜያዊነት የሚገቡ ዕቃዎች ፋይል በእኔ እጅ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ የውጭ ሰው ለኤግዚቢሽን ወይም ለፊልም ሥራ ዕቃ ይዞ ሲመጣ፣ መልሶ ይዞት እስከወጣ ድረስ ቀረጥ አይከፍልም፤ ዋስትና ያስይዛል እንጂ። ታዲያ እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ ከነሲሪያል ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ሲወጣም ቁጥሩ ይመሳከራል። ካሜራ ገብቶ ካሜራ ቢወጣ አይበቃም፤ የገባው ያው ካሜራ መውጣት አለበት።

ሥራውን እወደው ነበር። ዝርዝሩን በታይፕ ስመታ ቁጥሮቹ ሳልፈልግ ጭንቅላቴ ውስጥ ይቀራሉ። አለቃዬ ለደንበኞች «ይቺ ልጅ ራሷ መዝገብ ናት» እያለ ይኩራራብኝ ነበር። የጉምሩክ ፈቃድ ፈተና ልፈተን ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፤ ካለፍኩ በራሴ ስም መሥራት እችላለሁ። ላንቻ ያለው ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያን ፈተና ነበር የሚጠብቀው፤ ከሁሉ በላይ አባቴ።

አባቴ አስተማሪ ነበሩ። እሳቸውና አለቃዬ የአንድ እድር ሰዎች ናቸው፤ ሥራውንም ያገኘሁት በእሳቸው ነው። የአለቃዬ ሚስት ምሳውን ስትልክለት ለእኔም ጨምራ ትልክ ነበር፤ ድርሻዬ በሌላ ሳህን ለብቻው ተሸፍኖ ይመጣል። ደግ ሴት ነበረች፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

አንድ ጊዜ ፊልም የሚቀርጹ ፈረንጆች መጡ። ካሜራቸውን፣ መብራታቸውን፣ የድምፅ መቅጃቸውን ሁሉ እኔ መዘገብኩት። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ መብራት በሌለበት ገጠር የሚጠቀሙበት አንድ ትንሽ ጀነሬተር ነበር። ቁጥሩ ሁለት አራት አንድ፣ ሰባት ዜሮ ስምንት ሦስት። ሥራቸውን ሲጨርሱ ዕቃውን በሙሉ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘናችን አራግፈው፣ «አሽጋችሁ ላኩልን» ብለው በረሩ።

ደንቡ እኔ መጋዘን ወርጄ፣ እያንዳንዱን ዕቃ አይቼ፣ «አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ብዬ መፈረም ነው። አርብ ከሰዓት አለቃዬ ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ፈርሚ ልጄ። እኔ ራሴ አይቼ አሽጌዋለሁ።»

«አንዴ ወርጄ ልየው እንዴ ጋሼ?»

«ምነው፣ እኔን አታምኚም?»

በእኛ ቤት ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ትልቅ ሰው፣ የአባት ወዳጅ፣ ምሳ የሚያበላ ሰው «አታምኚኝም?» ካለ በኋላ ወርዶ ሣጥን መክፈት ሌባ ነህ ብሎ እንደ መስደብ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ አየር ማረፊያ ካርጎ ላይ የጉምሩክ ፈታሹ የጀነሬተሩን ሣጥን ሲከፍት፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ብሎኬት አገኘ።

አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንደ ልጄ ነበር የማያት» አለ። «ለአባቷ ስል ፖሊስ አልጠራም» አለ። በዚህም ተመሰገነ! ለፈተናው የድጋፍ ደብዳቤ ከአለቃ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ «እምነት አጉድላ የተሰናበተች» የሚል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

አባቴ የምለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው አለቃዬ ቤት ሄዱ። «ልጄ ያጠፋችውን ይቅር በላት» ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ለርእሰ መምህር ጎንበስ ያላሉ፣ ለቀበሌ ጎንበስ ያላሉ ሰውዬ! እሱም በሁለት እጁ ደግፎ አነሣቸው፤ «ተዉ እንጂ መምህር፣ ልጅ ያጠፋል» አላቸው። ሌባውም እሱ፣ ይቅር ባዩም እሱ ሆነ። ይህን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲነግረኝ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። ይህ ሰው አንድ ቀን በራሱ አፍ፣ በአባቴ ፊት፣ «እኔ ነኝ» ይላል።

ኡራኤል አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒና ታይፕ ቤት ገባሁ። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው የሥራ ልምድ ስተይብ ስድስት ዓመት አለፈ። የዚያን ዝርዝር የካርቦን ቅጂ ግን ከልብሴ ሥር፣ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ።

ከዚያ አባቴ ሞቱ።

መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ክረምት ነበር። እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚውን ይዞ መጣ፤ ጀነሬተሩንም። ጀነሬተር ያለው እድር በሰፈሩ የኛ ብቻ ነበር፤ አለቃዬ «ከውጭ ያስመጣሁት» ብሎ በስጦታ አበርክቶ፣ ተመርቆበት፣ በዓመቱ የእድሩ ዳኛ ሆኖ ተመርጧል። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነገር ከሩቅ ከማየት በቀር ቀርቤው አላውቅም ነበር። አመሻሽ ላይ እንቅ እንቅ ብሎ ጠፋ። አንድ ጎረቤታችን ሊያስነሣው ሲጎነበስ ባትሪ ያዝኩለት። ብርሃኑ ጎኑ ላይ ያለች የብረት ሰሌዳ ላይ አረፈ። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ቁጥሩ ግን ብረቱ ላይ የተመታ ነውና በጣት ይነበባል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ሁለት አራት አንድ። ባትሪውን አስጠጋሁ። ሰባት ዜሮ ስምንት ሦስት።

ሞተሩ ተነሣ፣ ድንኳኑ በራ። የአባቴ ለቅሶ በዚያ መብራት ነበር የሚለቀሰው። አለቃዬ ከፊት ለፊቴ አግዳሚ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሳልፍ እጄን ያዘና «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አለኝ። ያን ጊዜ ያልጮኽኩት ለእናቴ ስል ነው። ደግሞስ ማን ያምነኛል? ፊርማው የእኔ ነው፤ «እሷው ሸጣለት ይሆናል» ቢሉስ? በኋላ ጉምሩክ የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬን ጠየቅኳት፤ «ዋስትናው ተወርሶ ፋይሉ ተዘግቷል፣ በቃ፣ ያለቀ ነገር አትቆስቁሺ» አለችኝ።

እኔ ግን አላለቀልኝም። አባቴ ፊት ይናገራል ብዬ የማልኩት መሐላ ከእሳቸው ጋር ተቀብሯል። የቀረኝ ቢያንስ በገዛ እጁ ማስፈረም ነበር።

በአባቴ ቦታ የእድሩ አባል ሆንኩ። ንብረት ያዥ መሆን የሚፈልግ ሰው የለም፤ ድስት ጎደለ፣ ወንበር ተሰበረ ሲባል የሚሰደበው እሱ ነው። በጠቅላላ ስብሰባ እጄን አወጣሁ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልጅ ናት፣ ትቸገራለች» አለ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተው እንኳ ከስብሰባ የማይቀሩ አንዲት እናት ተነሥተው «ምን ትቸገራለች፣ የመምህር ልጅ አይደለች እንዴ! ጽሑፍ ታውቃለች!» አሉ። ተጨበጨበ፤ እሱም ከሰው ጋር አጨበጨበ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ቅጽ ማዘጋጀት ነበር። ድሮ ካዛንቺስ ስሞላው የኖርኩትን ቅጽ ነው የቀዳሁት። የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ቁጥር ካለው ቁጥር፣ የሚወጣበት ምክንያት፣ የሚመለስበት ቀን፣ አረጋግጬ ተረክቤያለሁ የሚል መስመር፣ ፊርማ። ቁጥር ላለው ዕቃ የሚፈርመው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ነው ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ። ድስት መጥፋት ያማረረው አባል በሙሉ ድምፅ አጸደቀው።

ከዚያ ጠበቅኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከጻፍኩ አይቀር ልናገረው። ከአለቃዬ ቤት ሞት ጠበቅኩ። እድር ነውና ለሁሉም ተራው ይደርሳል። ኪዳነ ምሕረት ስስም እንኳ እሱን ከሐሳቤ አላወጣሁትም።

በአራተኛው ዓመት ጥሩምባው ከእሱ ቤት በር ተነፋ። የሞተችው ሚስቱ ነበረች።

አለቀስኩላት። ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ ያ ተሸፍኖ የሚመጣ ሳህን ዓይኔ ላይ ሄደ። ካለቀስኩ በኋላ ዓይኔን ጠርጌ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፈትኩ። የወንድሙ ልጅ ሊረከብ መጣ። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚውን አስፈርሜ ሰጠሁት። ጀነሬተሩን ግን «ይሄን ራሳቸው ይፈርሙ» አልኩት።

«እንዴ፣ ሐዘን ላይ እኮ ናቸው! ማለቴ… ምን ነካሽ?»

«ደንብ ነው። እሳቸው ናቸው ያጸደቁት።»

ዕቃ ሊያወጡ የመጡት ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዱ «ጨካኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። አለቃዬ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ። በጣም አርጅቷል። ቅጹን ዘረጋሁለት። ከሥሩ የካርቦን ቅጂውን አድርጌዋለሁ፤ ተራ ቁጥር አሥራ አራት እንዲታየው ብቅ አድርጌ።

«የዕቃውን ቁጥር አይተው ያስሞሉኝ» አልኩት። «መነጽርዎን ያምጡልዎት?»

ወደ ጀነሬተሩ አልዞረም። ወደ ወረቀቱም አላየም።

«አያስፈልገኝም። ጻፊ» አለ። «ሁለት አራት አንድ። ሰባት ዜሮ… ስምንት ሦስት።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ለካ የወጋውም አልረሳም ኖሯል። በየለቅሶው ያ ሞተር በተነሣ ቁጥር፣ እሱም እንደኔ ቁጥሩን ሲቆጥር ነበር የኖረው። በዙሪያችን የቆመው ሰው ምንም አልገባውም። ፈረመ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ደስ ብሎኛል፤ ግን ዐሥር ዓመት የጠበቅኩትን ያህል አልነበረም።

በሣልስቱ ድንኳኑ ፈርሶ ዕቃው ሲመለስ፣ ጀነሬተሩን ራሱ አሸክሞ አመጣው። በብረት ሰሌዳው ላይ ያለው ቀለም ተፍቆ ብረቱ ያበራል። የተሸከሙለት ሰዎች እስኪሄዱ ቆየ።

«ተመላሽ ነው። ፈርሚልኝ» አለ።

«እፈርማለሁ። መጀመሪያ እናቴ ጋ ይሄዳሉ።»

ይከራከራል ብዬ ነበር። አልተከራከረም። ቁልቁለቱን ከፊቴ ወረደ፤ በመንገድ ያገኘው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ይለዋል። እናቴ ሳሎን ምስር እየለቀመች ነበር። ለቅሶ ደራሽ ሊያመሰግን የመጣ መስሏት ልትነሣ ስትል፣ በሩ ላይ እንደቆመ ተናገረ።

«ያን ጊዜ ጀነሬተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ አልነካችውም።»

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። በዕድሜዋ ሙሉ እሱን «አንተ» ስትለው ሰምቻት አላውቅም።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ልጄን አውቃታለሁ» አለችው። የአባቴን ባዶ ወንበር አሳየችው። «እግርህ ሥር የወደቁት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ሄደህ ንገራቸው።»

ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለስኩ። ፀሐዩ ከሮ ነበር፤ ወንበር አላቀረብኩለትም። ቆሞ እየጠበቀኝ ጀነሬተሩ አጠገብ ተንበርክኬ፣ ሰባቱንም ቁጥር አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ። ከዚያ «አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈረምኩ።