የዳለቻ ጥጃ ጠረን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ባጃጁን የሚያሳድርባትን የቆርቆሮ ቤት ሲያጥብ ዋለ። ለበዓል የገዛው ፍየል እዚያ ሰንብቶ ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ "ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?" እያለ አስቸገረው። ፍየሉማ ተበልቶ አለቀ፤ ጠረኑ ግን አልወጣ አለ። ሳሙናውንም በረኪናውንም ከጨረሰ በኋላ ወደኔ ዞሮ፣ "እማዬ፣ በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሽታ በምን ነበር የምታስወጡት?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? አንድ ጊዜ አስወጥቼ ያየሁትን እኔው ነኝ የማውቀው።

ነገሩ የሆነው በስልሳ ስድስቱ ድርቅ፣ እዚሁ ቆቦ ነው። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ቢሆን ነው፤ የምኖረውም ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር። እትዬ እላታለሁ። ባሏ ጋሼ በላይ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በግቢያችን ትልቅ የመኪና ቤት ነበረ፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። እሱ አሰብ ወርዶ በቆየበት ጊዜ ቤቱ ባዶውን ነበርና፣ እትዬ ከዋጃ በኩል የመጣች ዘሃራ የምትባል ሴት አስጠጋችበት። የዘሃራ ባል ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ወሬው ጠፍቷል። የቀራት ሰይድ የሚባል ገና ያልዳኸ ልጅና ዳለቻ የምትባል ላም ነበሩ። የራሷ ጡት በረሃቡ ስለደረቀ ልጁ የሚያድረው በላሚቱ ወተት ነው። ወተት ስላችሁ ደግሞ ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ጧት አንድ ስኒ፣ ማታ አንድ ስኒ ብትሆን ነው።

ቀን ቀን ዘሃራ ልጇን አዝላ፣ ላሟን እየነዳች ወደ ሆርማት ወንዝ ትወርዳለች። ወንዝ ማለት ያን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነበር። የበለስ ቅጠል እሾሁን በእሳት እየለበለበች ታበላታለች። ከአስፋልቱ ዳር እስከ ሮቢት ድረስ ሰው ወድቋል ይባል ነበር። እኛም ከደጃችን ለተቀመጠው ካለችን የማሽላ ቂጣ እንቆርሳለን፤ ከዚያ በር ዘግተን የቀረችውን እንበላለን። እንዴት ይዋጥልን እንደነበር ዛሬም አይገባኝም። ግን ይዋጥ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ በላይ መኪናውን ይዞ እንደሚመጣ በሌላ ሾፌር ላከ። እትዬ ደነገጠች። ያ ቤት ይሸት ነበራ! እበት ቢሆንማ ለቆቦ ሰው እበት ምኑ ይሸታል፤ ቤታችንን የምንለቀልቀው በሱ አይደል? ይሄ ግን ሌላ ነው፤ የጎመዘዘ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ልብስ ላይ ተለጥፎ ጓዳ ድረስ የሚገባ። ጋሼ በላይ ደግሞ፣ ናፍጣ ሲሸተው ውሎ የሚያድር ሰው፣ የሌላው ሽታ አይሆንለትም።

"ይሄን ከሸተተው ሴትዮዋን ከነላሟ ነው የሚያስወጣት። ሳይመጣ እናጽዳው" አለችኝ እትዬ።

ዘሃራ ወንዝ በወረደችበት ተነሳን። ውሃ እንደ ልብ ስላልነበረ ወለሉን በአመድና በአሸዋ ፈተግን፤ ጉዝጓዙን አውጥተን አቃጠልን። ጥግ ላይ አንድ የጥጃ ቆዳ አገኘን፤ ገለባ ተጠቅጥቆበት የተሰፋ፣ እግር የሌለው፣ አንገቱ ወደ ጎን የወደቀ። ምን እንደሆነ አልጠፋንም። የዳለቻ ጥጃ መንገድ ላይ ሞቶባት ነበር፤ ላም ደግሞ ጥጃዋ ካልቀረበላት ወተቷን አታወርድም። ዘሃራ ይሄን ቆዳ እያስላሰች ነበር የምታልባት። እንደማይጣል አወቅን፤ ግን ዋናው ግማት ከሱ ነበር።

"የወተት ጮጮ በጥንጁት አይደል የምናጥነው?" አለች እትዬ። "ወተት ጭስ ይወዳል። እሱንም እንጠነው።"

ልክ መሰለኝ። ቆዳውን በአመድ አሸን፣ ገለባውን ለወጥን፣ ጥንጁት አጭሰን ደህና አድርገን አጠንነው። ሲያልቅ ቤቱ አወደን። ኮራን።

ማታ ዘሃራ ገባች። ጮጮዋን በጉልበቷ መሃል ይዛ ቆዳውን ለዳለቻ አቀረበችላት። ላሚቱ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ እፍ ብላ ወደ ኋላ ስትል ጮጮው ተገለበጠ።

"ምን አደረጋችሁት?" አለች ዘሃራ።

"አጸዳንልሽ" አልኳት፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

"ያ ረቢ! ልጇን እኮ ነው የቀማችኋት።"

ዳለቻ ጧትም እምቢ አለች። ቆዳው ላይ ጨው ነሰነስንበት፤ ጨዉን ልሳ ፊቷን አዞረች። ትናንት ስናስወጣው የዋልነውን ግማት ዛሬ ፍለጋ ገባን። የተቃጠለ ጉዝጓዝ ስንቆፍር፣ የላሚቱን ሽንት ቆዳው ላይ ስንቀባ፣ እትዬ አፍንጫዋን አስጠግታ "እንዲህ ነበር? ኧረ አልነበረም!" ስትል፣ ልሳቅ ላልቅስ ጠፋኝ። ሰይድ መጀመሪያ ይጮህ ነበር። የማሽላ ሙቅ ብናቀምሰው ተፋው። ረፋዱ ላይ ዝም አለ፤ ያን ጊዜ ፈራሁ።

ዘሃራ ድንገት ተነስታ ልጁን ከዳለቻ አፍ ሥር አስተኛችው።

"እት ዘሃራ፣ ትረግጠዋለች!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በይ አንቺ ልጅ! ቢስሚላሂ በይ።"

ላሚቱ ጎንበስ ብላ ጸጉሩን አሸተተች። አንገቱን አሸተተች። ከዚያ ትልሰው ጀመር። ዘሃራ ጮጮዋን ይዛ ከሥሯ ገባች፤ ወተቱ ጮጮው ውስጥ ሲወርድ ሰማሁት።

ለካ ሰይድ ሲተኛ ትራሱ ያ ቆዳ ኖሯል። ከዚያ ቤት ያላጸዳነው ልጁን ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ይሁን፣ ወይስ ዳለቻም እንደኛው ግራ ገብቷት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘሃራን ብጠይቃት "አላህ ያውቃል" ብላ ዘጋችኝ።

ጋሼ በላይ ሲመጣ ሰይድ ከላሚቱ ሥር ተኝቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያዘ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"የልጅ ጠረን ነው" አለችው እትዬ።

እሷን አየ፣ ልጁን አየ። መኪናውን ደጅ አሳደረው።

ዝናቡ ሲመለስ ዘሃራ ልጇንና ላሟን ይዛ ወደ ዋጃ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ቆቦ ገበያ ላይ ከብት ከብት የሚሸት፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ፊቱንማ በምን አውቄው።

"ታዲያ በምን ይውጣ ነው የምትይኝ?" አለኝ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሰምቶ።

"እኔ እንጃ" አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ከቧንቧው አንድ ባልዲ ሞላሁለት። ሊደፋው ሲል ግን "ቆይ" አልኩትና ገባሁ፤ በሩ ሥር ቆሜም ጠረኑን አንድ ጊዜ በደንብ ሳብኩት።