ጽጌን ያስተማርኳት ቃል

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሮም ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። አሜሪካኖች ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ግን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች።

አሠሪዎቼ አሜሪካኖች ነበሩ። ሴትዮዋ አገሯ ስትደውል "ማይ ፎክስ" ማለት ታበዛለች። ምን ማለት እንደሆነ ልጇን ብጠይቃት፣ "ፎክስ" እናትና አባት ማለት ነው አለችኝ፤ ወረቀት ላይ የማይጻፍ፣ በጨዋታ መሀል የሚባል።

ጽጌ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ፔንሲዮን ውስጥ ተቀምጣ አሜሪካ የምትሄድበትን ቀን ትጠብቃለች። የእኔ ፈቃድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ገና ስታየኝ "ዛሬስ ምን አዲስ እንግሊዝኛ ይዘሽልኝ መጣሽ?" ትለኛለች።

አንድ ረቡዕ በእኔ አድራሻ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው የጽጌ አጎት ነው። እናቷ ማረፋቸውን ነግሮኝ፣ ሰው ሰብስባችሁ መርዶዋን በወጉ ንገሩልን ይላል።

በማግስቱ በዕድሜ ሁላችንንም ወደሚበልጡት ወደ እትዬ በላይነሽ ሄጄ አነበብኩላቸው። አለቀሱ። ጽጌ ለአሜሪካ ጉዳይ ቀርባ የምትጠየቅበት ቀን፣ ኮሎኩዮ የምንለው፣ ልክ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

"አሎራ፣ እንግዲህ ኮሎኩዮዋ እስኪያልፍ ማንም እንዳይተነፍስ" አሉ። "እንዲህ ሆና ብትቀርብ ምን ትመልሳለች? ዕድሏን እንዳንዘጋባት።"

እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ እኔም ቅር አላለኝም።

ከእሳቸው ወጥቼ በቀጥታ ጽጌ ጋ ሄድኩ። እንደ ልማዷ አዲስ ቃል ጠየቀችኝ። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። "ፎክስ" አልኳት። ከስንቱ ቃል መሀል ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቃሏን ወደደቻት። መንገድ ላይ "ማይ ፎክስ አር ፋይን" እያለች፣ እናትና አባቴ ደህና ናቸው ማለትን ትለማመዳለች። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ስንዞር "ይሄ ለፎክሶቼ ነው፤ ሻሹ ለእማዬ፣ ኮፍያው ለአባባ" ትልና ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

የተጠየቀች ቀን ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት። ፊቷ በርቶ ወጣች።

"አለፍኩ" አለችኝ። "ሰውዬው ቤተሰቦችሽ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ማይ ፎክስ አር ፋይን፣ ሥራ ስይዝ አመጣቸዋለሁ ስለው ሳቀ። ይህን ቃል ማን አስተማረሽ አለኝ፤ ስለ አንቺ ነገርኩት።" አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ስድስት ሴቶች ሆነን በሯን አንኳኳን። አለባበሳችንን ስታይ ገባት። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት "መቼ ነው የሰማችሁት?" አለች። እትዬ በላይነሽ ሊያድበሰብሱ ሞከሩ። እኔ መዋሸት ሰልችቶኝ ቀኑን ነገርኳት።

ወደ እኔ ዞረች። "ያቺን ቃል ያስተማርሽኝ ሐሙስ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እናቴ አፈር ለብሳ፣ እኔ ሻሽ ሳማርጥላት አብረሽኝ ትስቂ ነበር?"

እትዬ በላይነሽ "ለአንቺው ብለን ነው ልጄ" አሏት። ጽጌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ አሜሪካ ስትሄድ ሁሉንም አቅፋ ሳመች። እኔን ጨበጠችኝ።

ወጉ ልክ ነው አይደለም ብዬ አልከራከርም። መደበቁን ታላቅ አዘዘኝ ልበል። መሳቁን ግን ማንም አላዘዘኝም።

በቅርቡ አሜሪካ የምትኖር የድሮ ጓደኛችን ደወለችልኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ የጽጌን ቁጥር እንድትሰጠኝ ለመንኳት። "አንቺ ከጠየቅሽ እንዳልሰጥሽ ነግራኛለች" አለችኝ።